ከአባይ ሸለቆ ዋሻዎች የሌሊት ወፎችን ለጥናት መሰብሰብ፦ ምን ያህል፣ እንዴትና በማን ፈቃድ?

ዘደጀን ጽፏል፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጎጃም ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሥነ እንስሳት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ከደጀን ወደ አባይ ሲወረድ በኖራ ድንጋዩ ገደል ውስጥ ባሉት ዋሻዎች በሚኖሩ የሌሊት ወፎች ላይ ለመሥራት ወስኜ ዕቅዱን በመጻፍ ላይ ሳለሁ ብቻዬን ልወስነው የማልችለው ጉዳይ ስለ ገጠመኝ፣ በሙያው የቆያችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ።

በአገራችን ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከአባይ ሸለቆ የተገኙትን በተመለከተ ስሙ የሚነሣው ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ወንዙን በጀልባ የወረደው የእንግሊዞች የጉዞ ቡድን ይዞት የሄደው ስብስብ ነው። ከዚያ ስብስብ ውስጥ ዲዴሳ ከአባይ በሚገናኝበት አካባቢ የተያዘው የሌሊት ወፍ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ማዮቲስ ሞሪሲ የሚል ስም ተሰጥቶታል። እንግዲህ እንግዶች ወንዙን እየወረዱ መንገድ ላይ የያዙት አዲስ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ፣ የዚህ አገር ተወላጅ የሆንን ሰዎች ዋሻዎቻችንን በእርጋታ ብንመረምር ብዙ ነገር እንደምናገኝ አምናለሁ።

የቸገረኝ ይህ ነው። ከሁለቱ አማካሪዎቼ አንዱ ዝርያ በእርግጠኝነት የሚለየው ናሙናው ተገድሎና በአልኮል ተጠብቆ ሲመጣ ስለሆነ ከየዋሻው በርከት አድርገህ ሰብስብ ይሉኛል። ሌላው ደግሞ በዚህ ዘመን እንስሳውን መግደል አያስፈልግም፤ ድምፁን ቅዳ፣ ለክተህም ልቀቅ ይሉኛል። ከዋሻዎቹ በተጨማሪ ሰዎች ድንጋይና ጅብሰም ሲያወጡ ቆፍረው የተዉአቸው ጉድጓዶች በአካባቢው እንዳሉና የሌሊት ወፍ እንደሚያድርባቸው ሰምቻለሁ። እነሱንስ በጥናቱ ላካትት ወይስ ልተዋቸው?

ናሙና ጠባቂ ጽፏል፦

ወንድሜ ዘደጀን፣ «ስንት ልያዝ» ከማለትህ በፊት «ምን ለማወቅ እፈልጋለሁ» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። የናሙናውን ብዛትና ዓይነት የሚወስነው እሱ ነው። ሐሳብህ በዋሻው ውስጥ ስንት እንደሚኖሩ ማወቅ ከሆነ አንድም መያዝ አያስፈልግህም፤ ምሽት ላይ ከዋሻው አፍ ራቅ ብለህ ተቀምጠህ ሲወጡ ትቆጥራለህ። የሚመገቡትን ለማወቅ ከሆነ ከሚያርፉበት ጣሪያ ሥር ላስቲክ አንጥፈህ ኩሳቸውን ትሰበስባለህ። ዝርያቸውን ለመለየት ከሆነ ግን መያዝ ግድ ነው፤ መያዝ ማለት ግን መግደል ማለት አይደለም። የክንዱን አጥንት በካሊፐር ትለካለህ፣ ትመዝነዋለህ፣ የአፍንጫውንና የጆሮውን ቅርጽ ፎቶ ታነሣለህ፣ ከክንፉ ቆዳ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቅንጣት ለዘረ መል ምርመራ ወስደህ ትለቀዋለህ። ቀዳዳዋ በሳምንታት ውስጥ ትገጥማለች።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን የመጀመሪያው አማካሪህ ያሉትን ሙሉ በሙሉ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። ማንነቱ ላጠራጠረ ዝርያ አንድ ወይም ሁለት ናሙና በቋሚነት በቤተ መዘክር መቀመጥ አለበት። አንተ ራስህ የጠቀስኸውን ማዮቲስ ሞሪሲን ተመልከት። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሰጠው ስም ትክክል መሆኑን ቢጠራጠር ሄዶ ጥርሱንና የራስ ቅሉን ማየት የሚችለው ናሙናው ስለ ተቀመጠ ነው። ፎቶግራፍ የጥርስ አቀማመጥ አያሳይም። ቀድሞ አንድ ዝርያ ይባሉ የነበሩ የሌሊት ወፎች በዘረ መል ምርመራ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲገኙ፣ ናሙና ያልተቀመጠለት ጥናት የቱን ይናገር እንደ ነበር ማወቅ አይቻልም፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ወለተ ጊዮን ጽፋለች፦

የናሙና ጠባቂን ሐሳብ አነበብሁት፤ በብዙው እስማማለሁ። «አንድ ወይም ሁለት» የሚለው ቃል ግን ሜዳ ላይ ሲወርድ ወደ ሃያና ሠላሳ እንደሚያድግ በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

የሌሊት ወፍ በመጠኑ አይጥን ቢመስልም በአኗኗሩ ከአይጥ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። አይጥ በዓመት ብዙ ጊዜ እየደጋገመች ብዙ ስትወልድ፣ አብዛኞቹ ዋሻ አዳሪ የሌሊት ወፎች በዓመት የሚወልዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው። በሳይቤሪያ ምልክት የተደረገበት አንድ ትንሽ የሌሊት ወፍ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝቷል፤ ክብደቱ ከ10 ግራም የማይበልጥ ፍጥረት ነው። ይህን ያህል የሚኖርና እንዲህ ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ ብዙ እናቶችን በአንድ ሌሊት ካጣ፣ የጎደለውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ ጉዳት የሚደርሰው በመግደል ብቻ አይደለም። በወሊድ ወቅት ሰው ባትሪ እያበራ ወደ ዋሻው ሲገባ እናቶች ደንግጠው ይነሣሉ፤ ከጣሪያው ላይ ተጣብቀው የነበሩት ግልገሎችም ወደ ወለሉ ይወድቃሉ። የወደቀ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም፤ ጉንዳንና ጢንዚዛ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ተመራማሪው አንድም ሳይገድል ወጣሁ ብሎ ይጽፋል፤ ዋሻው ግን ባዶውን ቀርቷል።

ስለዚህ ለዘደጀን የምመክረው ድምፅን ቀዳሚ እንዲያደርግ ነው። አፍንጫቸው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የሪኖሎፈስ ወገኖች ለየዝርያቸው የሚቀራረብ፣ ከፍታውን ሳይቀይር የሚዘልቅ ድምፅ ስለሚያሰሙ ከዋሻው ውጭ ተቀምጦ እነሱን መለየት በጣም የሚቻል ነው።

ናሙና ጠባቂ ጽፏል፦

እኅቴ ወለተ ጊዮን፣ ስለ ወሊድ ወቅት የጻፍሽው በየዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው። በድምፁ ላይ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በሪኖሎፈስም ቢሆን የሁለት ዝርያዎች የድምፅ ከፍታ የሚደራረብበት ጊዜ አለ፤ ይዘን ለክተን ያረጋገጥነው የድምፅ መዝገብ ለአባይ ሸለቆ እስኪዘጋጅ ድረስ በኬንያ ወይም በደቡብ አፍሪካ መዝገብ እየለካን ስም ብንሰጥ ልንሳሳት እንችላለን። ሁለተኛ፣ ፍሬ በሎቹ የሌሊት ወፎች ለድምፅ መቅጃ የሚመቹ አይደሉም። ከነሱ ውስጥ ዋሻ ውስጥ በብዛት የሚያድረው ሩሴተስ የሚባለው ምላሱን እያጮኸ በጨለማ መንገዱን ቢያገኝም፣ በየዛፉ የሚያድሩት ሌሎቹ ፍሬ በሎች በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ስለሚመሩ መሣሪያው አይሰማቸውም። መቅጃውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግማሹን ታሪክ ትቶ ይመለሳል።

የቆላ ሐኪም ጽፏል፦

ሩሴተስ ስለ ተነሣ በጤናው በኩል ልግባ። ሙያዬ የኅብረተሰብ ጤና ነው። ከላይ የተጻፉት ምክሮች ሁሉ ስለ እንስሳው ደኅንነት ናቸው፤ ወደ ዋሻው ስለሚገባው ሰው ደኅንነት ግን ማንም አላነሣም።

የማርበርግ ቫይረስ ተፈጥሯዊ ማደሪያው የግብፅ ሩሴተስ የሚባለው ፍሬ በል የሌሊት ወፍ መሆኑ የተረጋገጠው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በተደረገ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በኮንጎ ዱርባ በተባለ ቦታ በወርቅ ማውጫ የሚሠሩ ሰዎች በተደጋጋሚ እየታመሙ 154 ሰዎች ሲያዙ 128ቱ ሞተዋል፤ ወረርሽኙ ያበቃው ጉድጓዱ በውኃ ተሞልቶ ሥራ ሲቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በምዕራብ ኡጋንዳ ኪታካ በተባለ ማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች ተይዘዋል። በ2008 ደግሞ በዚያው አገር በንግሥት ኤልዛቤጥ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውን ዋሻ ለጉብኝት የገባች ኔዘርላንዳዊት ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ሞታለች። በአገራችንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ በይፋ ተገልጿል። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዘደጀን የሚሠራበት ቆላ ለሩሴተስ የሚስማማ አገር ነው። አንድ ዋሻ ውስጥ ቡናማ፣ ፊታቸው የውሻ ፊት የመሰለ ትልልቅ የሌሊት ወፎች ተጨናንቀው ካየ፣ ሙሉ መከላከያ ለብሶና ሠልጥኖ ካልሆነ በስተቀር ወደ ውስጥ አይግባ፤ ሙሉ ሥራውን ከዋሻው ውጭ ያድርግ። ሙሉ መከላከያ የምለው ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ቱታ፣ ብናኝ የማያሳልፍ ማስክ (ተራው የቀዶ ጥገና ማስክ አይበቃም)፣ የዓይን መነጽር፣ ድርብ ጓንትና ቦት ጫማ ነው። ማስኩ የሚጠቅመው ለቫይረስ ብቻ አይደለም። በደረቀ ኩስ ውስጥ ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ያድጋል፤ ወለሉን ረግጠን ስናቦነው በትንፋሽ ገብቶ ሳንባን ያሳምማል። ብዙ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ሰው ለወራት የተሳሳተ መድኃኒት ይወስዳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትንም አትተዉ። የሌሊት ወፍ የሚይዝ ሰው ሁሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መከተብ አለበት። ሆኖም ክትባቱን ተከትቤአለሁ ብሎ በባዶ እጅ መያዝ ስሕተት ነው፤ በአፍሪካ የሌሊት ወፎች ላይ የተገኙ፣ እንደ ሌጎስና ሺሞኒ ያሉ የዚያው ወገን ቫይረሶች አሉ፤ አሁን ያለው ክትባት እነሱን በአግባቡ አይከላከልም። ለነዚህ አስተማማኙ መከላከያ አለመነከስ ነው።

የብቸና ልጅ ጽፏል፦

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ውይይቱን ሳነብብ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የጂንካው ወሬ ከተሰማ ወዲህ በእኛ አካባቢ ከከብት ማሰማርያ አጠገብ ያለውን ዋሻ በጭስ አጥነን የሌሊት ወፎቹን እናጥፋ የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ሽማግሌዎች ለጊዜው አቆዩአቸው። የቆላ ሐኪም እንዳሉት በሽታው ከነሱ የሚመጣ ከሆነ ማጥፋቱ አይሻልም ወይ?

የቆላ ሐኪም ጽፏል፦

አይሻልም፤ ይህንንም የምለው ለእንስሳቱ በማዘን ብቻ አይደለም። የተሞከረ ነገር ስለ ሆነ ነው። ከላይ በጠቀስሁት በኪታካ ሰዎች ከታመሙ በኋላ ማዕድን አውጪዎቹ የሌሊት ወፎቹን ፈጅተው ጉድጓዱን ዘጉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉድጓዱ ሲከፈት ከሌላ ቦታ የመጡ የሌሊት ወፎች ተመልሰው ሰፈሩበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው አካባቢ ወረርሽኝ ተነሥቶ ተመራማሪዎች ሲመረምሩ፣ መንጋው ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ሳለ ቫይረሱ የተገኘባቸው ግን ከ100 ወደ 13 ገደማ ደርሰዋል፤ ከመፈጀታቸው በፊት ከ100 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም፦ ነባሮቹ ብዙዎቹ በሽታውን አሳልፈው የመከላከል ኃይል ያዳበሩ ነበሩ፤ እነሱ ሲጠፉ ቦታውን የያዙት ለቫይረሱ አዲስ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። በዚያው በኡጋንዳ በተደረገው ጥናት ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው የስድስት ወር ገደማ ዕድሜ ባላቸው ግልገሎች ላይ መሆኑ ታውቋል።

ሽማግሌዎቹን ስለ እኔ አመስግናቸው። ልጆች ወደ ዋሻው እንዳይገቡ፣ ከብት በዋሻው አፍ እንዳያርፍ፣ የሌሊት ወፍ ነክሶት ወይም ሽንቱን ሸንቶበት የወደቀን ፍሬ ማንም እንዳይበላ ማስተማር ይበቃል። ጭሱ ግን በገደል የሚያድሩትን ወደ ቤት ጣሪያ ያመጣቸዋል።

ድንጋይ ቆጣሪ ጽፏል፦

ሙያዬ ሥነ ምድር ነው። ስለ ተተዉት ጉድጓዶች የተጠየቀው ሳይመለስ ስለ ቀረ እኔ ልሞክር።

ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ለሌሊት ወፍ አንድ ዓይነት ቤት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለሰው ግን አንድ አይደሉም። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከላይ ባዛልቱን፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋዩን አልፈህ ወደ ኖራ ድንጋዩ ትደርሳለህ፤ ጅብሰሙ ከዚያ በታች ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውኃ ለብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟ የፈለፈለው ዋሻ ቅርጹን ራሱ ያገኘ በመሆኑ፣ ሊናድ የሚችለው አብዛኛው ከብዙ ዘመን በፊት ተንዶ አልቋል። ሰው በዶማና በድማሚት የከፈተው ጉድጓድ ግን ገና ሚዛኑን አላገኘም፤ በተለይ ጅብሰም ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይሟሟል። ባለፈው በጋ ጽኑ የነበረው ጣሪያ ከአንድ ክረምት በኋላ ጠረጴዛ የሚያህል ድንጋይ ሊለቅ ይችላል። በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረው በመተከል በባህላዊ መንገድ ወርቅ ለማውጣት የሚቆፈሩት ጉድጓዶች ደግሞ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱና ድጋፍ የሌላቸው ናቸው፤ ወደ እነሱ ማንም ተማሪ እንዲገባ አልመክርም።

ሌላው አደጋ አየሩ ነው። አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ጉድጓድ አየሩ አይቀያየርም። ኩሱ ሲበሰብስና እንስሳቱ ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወለሉ አካባቢ ይከማቻል፤ የአሞኒያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ሽታ የለውም። ጎንበስ ብሎ ናሙና የሚለቅም ሰው ራሱን ሲያዞረው ድካም መስሎት ይቀመጣል፤ መቀመጡ ደግሞ አየሩ ወደ ባሰበት ያወርደዋል። ሻማ ይዞ መግባት የቆየ ልማድ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም። የጋዝ መለኪያ ከሌለህ አትግባ።

በአሜሪካ የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶችን ከመድፈን ይልቅ አግድም የብረት ዘንጎች ባሉት በር እየዘጉ ሰውን አግደው የሌሊት ወፉን ያሳልፋሉ። በእኛም አገር ድንጋይ አውጥቶ የሚሄድ ድርጅት ጉድጓዱን ሲተው እንዲህ ያለ በር እንዲሠራ ቢጠየቅ ሁለት ጥቅም ይኖረዋል። ዘደጀን በጥናቱ መጨረሻ ይህንን ሐሳብ ቢያነሣ ደስ ይለኛል። ለአሁኑ ግን ጉድጓዶቹን በውጭ ብቻ አጥና፤ ምሽት ላይ ከአፋቸው የሚወጡትን መያዝና ድምፃቸውን መቅዳት ትችላለህ።

መሪጌታ ዘዲማ ጽፈዋል፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ከናንተ ብዙ ተማርሁ። ከናንተ መካከል ግን ዋሻው የማን እንደ ሆነ ያነሣ የለም። በጎጃም ምድር ከብዙ ዋሻ ውስጥ ባሕታዊ አለበት፣ ጠበል አለበት፣ የጥንት አባቶች ዐፅም ያረፈበትም አለ። ባዶ የሚመስለው ዋሻ እንኳ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ታሪክ አለው። የሌሊት ወፍ በኦሪት ከሚበሉት ወገን ስላልሆነ ማንም አይነካውም፤ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ሲያድርም ኩሱ ሥዕሉን ስለሚያበላሽ ካህናቱ ቢያዝኑበትም አይገድሉትም።

ስለዚህ ልጄ ዘደጀን፣ ወደ ዋሻው ከመሄድህ በፊት ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ወደ ገዳሙ አበምኔት ሂድ። ደብዳቤህን አስቀድመህ በእጅህ አትዘርጋ፤ መጀመሪያ ሰላምታ ስጥ፣ የማን ልጅ እንደ ሆንህና ከየት እንደ መጣህ ተናገር፣ ከዚያ ለምን እንደ መጣህ ሳትሸፍን አስረዳ። በሌሊት በገደል ላይ ባትሪ ሲበራ ያየ ገበሬ ሽፍታ ወይም ቅርስ ዘራፊ መጣ ብሎ ነው የሚያስበው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ሕይወት ያስከፍላል። የቀበሌው ሰዎችና ሽማግሌዎቹ ካወቁህ ግን ጠባቂህም መንገድ መሪህም እነሱ ይሆናሉ። የቱ ዋሻ ስንት አፍ እንዳለው ከእረኞቹ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘደጀን ጽፏል፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሪጌታ፣ የነገሩኝን እንደ አባት ምክር ተቀብያለሁ። የቆላ ሐኪም ክትባቱን ስለ ጠቀሱልኝ ለአማካሪዎቼ ዛሬውኑ አሳውቃለሁ። የጉድጓዶቹን ነገር ድንጋይ ቆጣሪ ባሉት መንገድ በውጭ ብቻ ለመሥራት ወስኛለሁ።

አሁን የቀረኝ የአያያዙ ነገር ነው። ከዋሻው አፍ ላይ መረብ መዘርጋት እንደማይገባ የሚናገር ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ መረብ ካልተዘረጋ ታዲያ በምን ይያዛል? የተያዘውንስ ሳልጎዳው እንዴት ላውጣው?

ወለተ ጊዮን ጽፋለች፦

ያነበብኸው ትክክል ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች በአንድ ጊዜ ከሚወጡበት አፍ ላይ ስስ መረብ ከተዘረጋ በደቂቃዎች ውስጥ ከምታወጣው በላይ ይያዛል፤ እርስ በርስ ይናከሳሉ፣ ክንፋቸው ይቀደዳል። ለዋሻ አፍ የሚሻለው በቁመት የተወጠሩ የናይሎን ክሮች ሁለት ረድፍ ያሉትና ከሥሩ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ በበገና ስም የሚጠራው ወጥመድ ነው። የሌሊት ወፉ የመጀመሪያውን ረድፍ ጥሶ በሁለተኛው ሲመታ ተንሸራቶ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፤ የሚተበተብበት ነገር የለም። እሱንም ቢሆን አፉን ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ አድርገህ አታቁመው፤ በጎን ክፍት ቦታ ተው፣ የፈለግኸው ቁጥር ከደረሰም ወዲያው አንሣው። ስስ መረብ የምትጠቀም ከሆነ ከዋሻው ራቅ አድርገህ በሚበርሩበት መስመር ላይ፣ ለምሳሌ በጅረት ላይ ወይም በዛፎች መካከል ዘርጋው፤ ዓይንህንም ከሱ ላይ አታንሣ።

ከመረብ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ በየት በኩል እንደ ገባ አስተውል፤ የሚወጣው በዚያው ነው። ቆዳ ጓንት ባጠለቀው እጅህ ገላውን በቀስታ ያዝ፤ በጣም ብትጨብጠው መተንፈስ አይችልም። ብዙ ጊዜ ጓንቱን ነክሶ ይይዛል፤ ተወው፤ ያንን እንደ ነከሰ ሳለ በሌላው እጅህ እግሮቹን ቀድመህ አላቅቅ፣ ቀጥሎ ክንፎቹን፣ በመጨረሻ ራሱን። ክሩ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ከተጠመጠመ ሳትጎትት በትንሽ መቀስ ክሩን ቁረጠው፤ መረብ ይገዛል።

ከዚያ ለየብቻቸው በጥጥ ጨርቅ ከረጢት አድርጋቸው፤ ከአንድ በላይ በአንድ ከረጢት አይገባም፣ ከረጢቱም ሳይታጠብ ለሌላው አያገለግልም። ዕድሜውን ለመለየት ክንፉን ዘርግተህ ከሥሩ መብራት አብራ። የጣቱ አጥንት የሚጋጠምበት ቦታ ብርሃን ካሳለፈና ቀጥ ብሎ ከታየህ አጥንቱ ገና አልገጠመም፤ ግልገል ነው። ቋጠሮ መስሎ ጠቁሮ ከታየህ አድጓል። ሆዷ የከበደ ወይም ጡቷ ዙሪያ ጸጉሩ የተመለጠ ሴት ካገኘህ ሌላውን ሁሉ ትተህ እሷን መጀመሪያ ልቀቅ፤ ልጇ በዋሻው ውስጥ እየጠበቃት ነው። ማንኛውንም ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆይ።

በናሙናው ጉዳይ ከናሙና ጠባቂ ጋር የቀረንን ልዩነት በዚህ ልዝጋው፦ በቋሚነት የሚቀመጠው ወንድ ወይም የማታጠባ ሴት እስከ ሆነ ድረስና ቁጥሩ በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ በግልጽ እስከ ተጻፈ ድረስ እኔም አልቃወምም።

ናሙና ጠባቂ ጽፏል፦

ተስማምቻለሁ። እንግዲህ ስለ ፈቃዱና ስለ አቀማመጡ ልጨርስለት።

ፈቃዱ ከአንድ በላይ ነው። የዱር እንስሳ መያዝ በዱር እንስሳት አዋጅ የሚገዛ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግሃል። ዘረ መሉን ለመመርመር ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ ወደ ኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሄድ አለብህ፤ በተለይ ቅንጣቱን ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ለመላክ የምታስብ ከሆነ ይህን ሳትጨርስ አንዲት ብልቃጥ እንኳ አታንቀሳቅስ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ቀጥሎ የወረዳው ደብዳቤ። ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬ ጀምር።

ለሚቀመጠው ናሙና አገዳደሉ በማደንዘዣ መድኃኒት፣ ሥቃይ በሌለበት መንገድ መሆን አለበት። ከሁሉ አስቀድመህ ከጉበቱ ወይም ከጡንቻው ትንሽ ቁራጭ ወስደህ 95 በመቶ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ክተት፤ ገላውን ከዚያ በኋላ በፎርማሊን አጽንተህ ወደ 70 በመቶ ኤታኖል ታዛውረዋለህ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፎርማሊኑ ዘረ መሉን ያበላሸዋል። የአገራችን አረቄ ይህን ጥንካሬ ስለማይደርስ ሜዳ ላይ አልኮል ቢያልቅብህ በሱ አትተካ፤ ናሙናው ይበሰብሳል። መለያ ወረቀቱን በእርሳስ ጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል። ቀኑ፣ ቦታው ከነከፍታው፣ ጾታው፣ ልኩና የሰብሳቢው ስም ካልተጻፈበት ያ እንስሳ በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ናሙናዎቹን በመሥሪያ ቤት ሳጥን ውስጥ አታቆያቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ቤተ መዘክር አለው፤ እዚያ ተመዝግበው ቁጥር ይሰጣቸው፣ ቁጥሩንም በመመረቂያ ጽሑፍህ ውስጥ አስገባው።

ዘደጀን ጽፏል፦

የመጨረሻ ጥያቄዬ ስለ ወቅቱ ነው። ፈቃዱ በጊዜው ከደረሰልኝ በታኅሣሥ ልጀምር ወይስ እስከ ሚያዝያ ልቆይ?

ወለተ ጊዮን ጽፋለች፦

ሚያዝያን ተወው። ብዙዎቹ ነፍሳት በሎች የሚወልዱት ዝናቡ ገብቶ ነፍሳት ሲበዙ እንዲደርስላቸው ስለሆነ በሚያዝያና በግንቦት አብዛኞቹ ሴቶች እርጉዝ ሆነው ልታገኛቸው ትችላለህ። የምሽቱን ቆጠራ ግን መያዝ ስለሌለበት በየወሩ ብታደርገው መልካም ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ ጽፏል፦

በእኔም በኩል ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ክረምት ላይ በዚያ ቁልቁለት መሬቱ ይንሸራተታል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የሸለቆው ሙቀት በቱታ ውስጥ ሆኖ ለሚሠራ ሰው አይቻልም።

መሪጌታ ዘዲማ ጽፈዋል፦

ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ስለሆነ አባቶች በሱባኤ ላይ ናቸው፤ በገዳም አጠገብ ባለ ዋሻ ሌሊት ሰው መመላለሱ አይወደድም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከጥር 13 ወዲህ ና። የምትሠራበትን ቀበሌ ስም በመልእክት ሳጥኔ ላክልኝና ለደብሩ አስተዳዳሪ አስቀድሜ እነግርልሃለሁ።